ሜዳን ወደ መጽሐፍ ማስገባት፦ የቤዝቦል ልብ ወለድና የእንጦጦ ልጆች ጨዋታ

ከ8 እስከ 12 ዓመት ዕድሜ ላላቸው ልጆች የሚጻፍ የስፖርት ልብ ወለድ በአሜሪካ ራሱን የቻለ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ነው። ከዘርፉ ውስጥ ዕድሜው ረጅም፣ መጻሕፍቱም ብዙ የሆኑት ስለ ቤዝቦል የሚተርከው ክፍል ነው። አንባቢዎቹ ማንበብ የለመዱ፣ ገጹ ሁሉ ሥዕል የሆነውን የሕፃናት መጽሐፍ የተሰናበቱ፣ ለአዋቂዎች ልብ ወለድ ግን ገና ያልደረሱ ልጆች ናቸው፤ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ቢለካ በግምት ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉት መሆናቸው ነው። ዋናው ባለታሪክ የአንባቢው እኩያ ወይም በአንድ ሁለት ዓመት ታላቁ የሆነ ልጅ ነው። ወላጅና አሠልጣኝ በታሪኩ ውስጥ ይኖራሉ፤ ቁርጡን የሚወስነው ግን ልጁ ራሱ ነው።

ቤዝቦል በኢትዮጵያ እምብዛም አይታወቅም። የዚህ ልብ ወለድ ጥሬ ዕቃ ግን እንግዳ አይደለም። ዱላ፣ ኳስ፣ የሰፈር ቡድን፣ መሸነፍና እንደገና መሞከር በእንጦጦ ራጉኤል ዙሪያ ባሉ ኮረብታዎችና ከሥራቸው ባሉት ሜዳዎች ከጥንት ጀምሮ በገና ጨዋታ መልክ አሉ። የአሜሪካ ደራስያን ከአንድ የሜዳ ጨዋታ ይህን ያህል መጻሕፍት እንዴት እንዳወጡ ማየት በአማርኛ ለልጆች ለሚጽፍ ሰው ብዙ የሚሰጠው ነገር አለ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ከእነሱ ጋር የተጠቀሱት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቤዝቦል ሥርዓት በአጭሩ እንዲህ ነው። ዘጠኝ ዘጠኝ ተጫዋቾች ያሏቸው ሁለት ቡድኖች በየተራ ያጠቃሉ፣ ይከላከላሉ። ከተከላካዮቹ አንዱ በቆዳ የተሰፋችውን ጠንካራ ኳስ 18 ሜትር ያህል ርቆ ዱላ ይዞ ወደ ቆመው መቺ ይወረውራል። መቺው ኳሷን አርቆ ከመታት በሜዳው ላይ በአራት ማዕዘን የተቀመጡትን ማረፊያዎች በሩጫ አዳርሶ ወደ ተነሣበት ሲመለስ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስቆጥራል። ሦስት ጊዜ ከሳተ ይወጣል፤ ሦስት ሰው የወጣበት ቡድንም ተራውን ይለቃል። ይህ ዘጠኝ ዙር ይደጋገማል። እንደ እግር ኳስ 90 ደቂቃ ሞላ ተብሎ ፊሽካ አይነፋም። የመጨረሻው መቺ እስኪወጣ ድረስ በሰፊ ልዩነት የሚመራው ቡድን ገና አላሸነፈም፣ ወደ ኋላ የቀረውም ገና አልተሸነፈም።

ይህ አሠራር ለተራኪ ይመቻል። በእግር ኳስ 22 ሰዎች በአንድ ጊዜ ይራወጣሉ፤ አንድን ልጅ ከመካከላቸው ለይቶ የልቡን መናገር አስቸጋሪ ነው። በቤዝቦል ግን በእያንዳንዱ ውርወራ ሁለት ሰዎች ብቻ ይፋጠጣሉ፤ ወርዋሪና መቺ። በአንዱ ውርወራና በሚቀጥለው መካከል ፋታ አለ። ልጁ ስለ አባቱ፣ ስለ ፍርሃቱ፣ ከጓደኛው ጋር ስለ ተጣላበት ነገር የሚያስበው በዚያች ፋታ ነው። ሌላው ጉዳይ ሽንፈት ነው። በአሜሪካ ከፍተኛ ሊግ ጥሩ የሚባለው መቺ ከአሥር ሙከራ የሚሳካለት በሦስቱ ገደማ ነው። ሰባቱን እየሳተ ጎበዝ የሚባልበት ጨዋታ ለአሥር ዓመት ልጅ በትምህርት ቤት ውጤት የማያገኘውን የኑሮ እውነት ያሳየዋል፤ ደራሲው ስብከት ሳያስፈልገው።

ዘርፉ የተጀመረው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ኖኣ ብሩክስ የተባለው ጋዜጠኛና ደራሲ በ1880 እና በ1884 ስለ ወጣቶች የቤዝቦል ቡድን የሚተርኩ ሁለት መጻሕፍት አሳተመ። ከ1896 ጀምሮ ጊልበርት ፓተን በብዕር ስሙ በርት ስታንዲሽ እየተባለ ስለ ፍራንክ ሜሪዌል ይጽፍ ጀመር፤ ታሪኮቹ በየሳምንቱ በአምስት ሳንቲም በሚሸጥ መጽሔት ይወጡ ነበር። ከ1912 እስከ 1928 ደግሞ “ቤዝቦል ጆ” የተሰኙት ተከታታይ መጻሕፍት ወጡ። በሽፋናቸው ላይ ያለው ሌስተር ቻድዊክ የሚለው ስም የአንድ ሰው ስም ሳይሆን መጻሕፍቱን ያስጻፈው ድርጅት ለቅጥር ጸሐፊዎቹ ያወጣው የጋራ ስም ነበር። የዚያ ዘመን ባለታሪክ አይዋሽም፣ አይሰክርም፣ በመጨረሻው ዙር ሁልጊዜ ያሸንፋል። ልጆች ወደዱት። ዛሬ ግን ከታሪክ ተመራማሪ በቀር የሚያነበው ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ገና ሲጀመር መጨረሻው የታወቀ ነው።

ዘርፉን ከዚያ ያወጣው ጆን ቱኒስ ነው። ቱኒስ የስፖርት ጋዜጠኛ ነበር፤ የመጀመሪያውን የወጣቶች ልብ ወለዱን ሲጽፍ ለልጆች የጻፈ አልመሰለውም ነበር፣ አሳታሚው ነው የልጆች መጽሐፍ አድርጎ ያወጣው። በ1940 ባሳተመው “ዘ ኪድ ፍሮም ቶምኪንስቪል” ውስጥ ሮይ ተከር የተባለ የገጠር ከተማ ወጣት የብሩክሊን ዶጀርስ ወርዋሪ ይሆናል። ስሙ ገና መጠራት ሲጀምር ክንዱ ይጎዳና መወርወር ያቅተዋል። በዕድሜ የገፋ አንድ የቡድን ጓደኛው አይዞህ እያለው፣ ከወርዋሪነት ወደ መቺነት ተዛውሮ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። መጽሐፉ በጭፈራ አይዘጋም፤ ወጣቱ ኳስ ለመቅለብ እየሮጠ ከግድግዳ ጋር ተላትሞ በቃሬዛ ሲወሰድ ነው የሚያበቃው። ለልጅ እንዲህ ያለ ፍጻሜ መስጠት በጊዜው ድፍረት ነበር፤ ልጅን የሚያከብር ድፍረት።

ቱኒስ በ1943 ባወጣው “ኪስቶን ኪድስ” ከዚያም አለፈ። ጆኮ ክላይን የተባለ ወጣት ተጫዋች አይሁዳዊ በመሆኑ የገዛ ቡድን ጓደኞቹ ያዋርዱታል። ዓለም በጦርነት ላይ በነበረበት፣ አይሁዶች በአውሮፓ በሚጨፈጨፉበት ዓመት አሜሪካዊው ልጅ ጥላቻን በሩቅ ሀገር ሳይሆን በራሱ ቡድን መልበሻ ክፍል ውስጥ እንዲያየው አደረገ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1947፣ ጃኪ ሮቢንሰን ለዚያው ለብሩክሊን ዶጀርስ ተሰልፎ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በከፍተኛው ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። ከዚያ ቀን ወዲህ የተጻፉት የልጆች የቤዝቦል መጻሕፍት ብዙዎቹ በአንድም በሌላም መንገድ ወደ ሮቢንሰን ይመለሳሉ። የራሱ ልጅ ሻረን ሮቢንሰንም በ2016 አባቷ በጎረቤትነት ስለሚኖርበት ሰፈርና ስለ አንድ የሰፈሩ ልጅ የሚተርክ ልብ ወለድ ጽፋለች።

በልጆች ዘንድ በብዛት የተነበበው ግን ማት ክሪስቶፈር ሳይሆን አይቀርም። በ1954 በታተመው የመጀመሪያ የልጆች መጽሐፉ ውስጥ አንድ ልጅ የሚመታው በዕድለኛ ዱላው ኃይል ይመስለዋል፤ ዱላው ሲጠፋ ችሎታው የራሱ መሆኑን ይረዳል። ክሪስቶፈር በ1997 እስኪሞት ድረስ ከ100 በላይ የስፖርት መጻሕፍት ጻፈ። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር፣ ታሪኮቹም ቀላል ናቸው፤ ተቺዎች ብዙም አያነሡትም። ሆኖም ማንበብ የሚከብደውን፣ ከመጽሐፍ ይልቅ ሜዳ የሚናፍቀውን ልጅ መጽሐፍ እስከ መጨረሻው እንዲያነብ ያደረገ ሰው ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ለእሱ መሠረት የሆነው ካርል ስቶትዝ በ1939 በፔንሲልቫኒያ ዊሊያምስፖርት ከተማ ያቋቋመው የልጆች ሊግ ነው። ሊጉ በመላው አሜሪካ ሲስፋፋ በየከተማው ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ፣ በየዩኒፎርሙ ውስጥም አንድ አንባቢ ተገኘ።

ከ1970ዎቹ ወዲህ ጨዋታው የታሪኩ ግብ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ሕይወት የሚገባበት በር ሆነ። አልፍሬድ ስሎት በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ባለታሪኩ የደም ካንሰር የያዘው የ12 ዓመት ወርዋሪ ነው፤ ሐኪሞች ቢከለክሉትም መጫወት ይፈልጋል። የማይክ ሉፒካ “ሂት” (2006) ከኩባ ወደ ኒው ዮርክ ስለ መጣ የ12 ዓመት ልጅ ነው። ልጁ በጣም ጎበዝ በመሆኑ ተጋጣሚዎቹ “ዕድሜው ይጣራ” ይላሉ፤ የልደት ምስክር ወረቀቱ ደግሞ ኩባ ቀርቷል፤ አባቱ መሞታቸውንም እሱና ወንድሙ ለመንግሥት ደብቀዋል። በታዳጊዎች ውድድር የዕድሜ ጉዳይ ስንት ጭቅጭቅ እንደሚያስነሣ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ይህ ታሪክ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በሀገር ቤትም ሆነ በውጭ ላሉ ኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ይበልጥ የሚቀርበው የቤቲ ባኦ ሎርድ ሥራ ነው። በ1984 የታተመው ይህ ልብ ወለድ በ1947 ከቻይና ወደ ብሩክሊን ስለ ተሰደደች አንዲት ትንሽ ልጅ ይተርካል። ቋንቋ አታውቅም፣ ጓደኛ የላትም። የክፍሏ ኃይለኛ ልጅ ሜብል መጀመሪያ ትደበድባታለች፤ ልጅቷ ግን ማን እንደ መታት ለወላጆቿም ሳትናገር ትቀራለች። በዚህ ምክንያት ሜብል ወዳጇ ትሆንና ቤዝቦል ታስተምራታለች። ልጅቷ እንግሊዝኛውን ከሬዲዮ የጨዋታ ዘገባ ጋር አብራ ትማራለች፤ የሮቢንሰንን ውሎ እየተከታተለች እሷም እንደ እሱ ባልለመዳት ሜዳ ላይ መቆም እንደምትችል ታምናለች። በዋሽንግተን፣ በሚኒያፖሊስ ወይም በቶሮንቶ አማርኛ በሚነገርበት ቤት ያደገ ልጅ ይህን መጽሐፍ ቢያነብ በስም እንጂ በነገሩ አይቸገርም።

ሴት ልጆችም ወደ ጨዋታውና ወደ ዘርፉ የገቡት በትግል ነው። በ1950 ካትሪን ጆንስተን የተባለች ልጅ ፀጉሯን ቆርጣ፣ ወንድ መስላ ስቶትዝ ባቋቋመው የልጆች ሊግ ተጫወተች፤ በሚቀጥለው ዓመት ሴቶችን የሚከለክል ደንብ ወጣ፣ የተነሣውም በ1974 ነው። ኤለን ክላጅስ በ2018 ባወጣችው መጽሐፍ በ1957 ከሊጉ የተባረረች ልጅ ሴቶች ከጥንት ጀምሮ ቤዝቦል ይጫወቱ እንደነበር ማስረጃ ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ስትበረብር እናገኛታለን። የሚክ ኮክሬን ባለታሪክ ደግሞ (2009) አባቷ ሞቶባት፣ እሱ ያስተማራትን አስቸጋሪ ውርወራ ይዛ የወንዶች ቡድን ውስጥ ትገባለች።

ሊንዳ ሱ ፓርክ የኢትዮጵያን ታሪክ በሁለት በኩል የምትነካ ደራሲ ናት። በ2010 የታተመው በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚነበበው መጽሐፏ ከደቡብ ሱዳን ሸሽቶ ኢትዮጵያ ውስጥ በኢታንግ መጠለያ ስለ ኖረው ሳልቫ ዱት ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብላ ያሳተመችው “ኪፒንግ ስኮር” ደግሞ የቤዝቦል ልብ ወለድ ነው። ማጊ የተባለች የብሩክሊን ልጅ የጨዋታውን እያንዳንዱን ሁነት በምልክት በወረቀት ላይ መመዝገብ ጂም ከሚባል የእሳት አደጋ ሠራተኛ ትማራለች። ጂም ወደ ኮሪያ ጦርነት ይዘምታል፤ ከጊዜ በኋላ ደብዳቤው ይቋረጣል። ማጊ ለምን እንደሆነ ስታጣራ ጦርነት ምን እንደሆነ ትረዳለች። ከኢትዮጵያ የተላከው የቃኘው ሻለቃ በ1951 ወደዚያው ጦርነት ሄዷል፤ አዲስ አበባ ውስጥም ኮሪያ ሰፈር የሚባል መንደር አለ። እዚያ ያደገ ልጅ አያቱ የተናገሩትን፣ ያልተናገሩትንም፣ ከማጊ ታሪክ አጠገብ አስቀምጦ ማየት ይችላል።

ሌሎች ደራስያን ከጊዜ ጋር ተጫውተዋል። ዳን ጉትማን ከ1997 ጀምሮ በጻፋቸው መጻሕፍት አንድ ልጅ የቆየ የተጫዋች ካርድ በእጁ ሲነካ ወደዚያ ተጫዋች ዘመን ይሄዳል። አለን ግራትዝ በ2009 የአንድን የስደተኛ ቤተሰብ ዘጠኝ ትውልድ በዘጠኝ ምዕራፍ፣ እንደ ዘጠኙ የጨዋታ ዙሮች፣ ተረከ።

የእንጦጦ ሜዳ

ከአዲስ አበባ በላይ፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በባሕር ዛፍ ጫካ መካከል የእንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ስምንት ማዕዘኑ ቤተ ክርስቲያን የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሥራ ነው። ንጉሡ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት መናገሻቸውን በዚህ ተራራ ላይ አድርገው ነበር፤ በ1889 የነገሡትም በአቅራቢያው ባለችው በእንጦጦ ማርያም ነው። ዛሬ በዚህ ተራራ ላይ ንጋት ላይ የሚታዩት ሦስት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ጸበል የሚወጡ ምእመናን፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች፣ እና ሯጮች።

የገና ጨዋታ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 29 የሚከበረውን የልደት በዓል ተከትሎ የሚመጣ ነው። እረኞች የክርስቶስን መወለድ በሰሙ ጊዜ በበትራቸው እየተጫወቱ ደስታቸውን እንደ ገለጹ ትውፊቱ ይናገራል። ዱላው ጫፉ ቆልመም ያለ ጠንካራ እንጨት ነው። ኳሷ ከእንጨት ትጠረባለች ወይም ከቆዳ ትሰፋለች፤ በአንዳንዱ አገር ጥንግ፣ በሌላው ሩር ትባላለች። ተጫዋቾቹ ላይ ቤትና ታች ቤት፣ ወይም መንደር ከመንደር ሚና ለይተው ይገጥማሉ፤ ቁጥራቸው የተወሰነ አይደለም። ጥንጓን እየለጉ ወደ ተጋጣሚው ወሰን ያደርሷታል፤ ወሰኑም በአንዳንድ ቦታ እጅግ ይራራቃል። በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ይሆናሉ፤ በጨዋታ የተመታ ጌታ ቂም አይዝም። ማታ አሸናፊዎቹ ይጨፍራሉ፤ ተሸናፊዎቹም ግጥም እየተገጠመባቸው ይሰደባሉ። በአዲስ አበባ ይህ ጨዋታ ለረጅም ዘመን የተያያዘው ከተራራው በታች ካለው ጃን ሜዳ ጋር ነው።

ልብ ወለድ ጸሐፊ ከዚህ ምን ያገኛል? መጀመሪያ ወቅት ያገኛል። የቤዝቦል መጻሕፍት በጸደይ ተጀምረው በጥቅምት የፍጻሜ ውድድር የሚዘጉት ጨዋታው ራሱ ስለሚያዛቸው ነው። የገና ጨዋታም የራሱ አቆጣጠር አለው፤ አዝመራ ሲሰበሰብና ሜዳው ሲለቀቅ፣ በጾመ ነቢያት ሳምንታት ልጆች ልምምድ ይጀምራሉ፣ ነገሩ ሁሉ ወደ አንዲት ቀን ይሄዳል። ቀጥሎ ዕቃ ያገኛል። ለራሱ የሚስማማ ቆልማማ እንጨት ጫካ ውስጥ የሚፈልግ፣ አግኝቶም የሚቆርጥ፣ በእሳት የሚያቃና ልጅ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ አንባቢን ይይዛል። የሰፈር ፉክክር፣ ታላቅ ወንድም ያለበት ቡድን፣ የተሰበረ ጥርስ፣ “ሴት ልጅ ገና አትጫወትም” የተባለች እህት፣ ይህ ሁሉ ሳይፈጠር የተዘጋጀ ነው።

ቦታውም ሥራ ይሠራል። በዴንቨር ከተማ የሚገኘው የቤዝቦል ስታዲየም 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኑ አየሩ ሳስቶ የተመታች ኳስ ርቃ ትበራለች፤ ይህን ለመቀነስ ክለቡ ከ2002 ጀምሮ ኳሶቹን እርጥበት ባለው ክፍል ያስቀምጣል። የራጉኤል ጫፍ የዚያን እጥፍ ያህል ከፍ ይላል። በስስ አየር ትንፋሽ ማጠር፣ ደም ብዙ ኦክስጅን የሚሸከሙ ሕዋሳትን በጊዜ ብዛት ማፍራቱ፣ ሯጮች ተራራውን የሚመርጡበት ምክንያት፣ ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በትረካ መሐል ሊነገር የሚችል ሳይንስ ነው።

ከጥንግ ወደ ማራቶን

የዱላው ጨዋታና የተራራው ሩጫ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ተገናኝተዋል። አበበ ቢቂላ በ1932 ከደብረ ብርሃን አቅራቢያ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ፤ በልጅነቱም የገና ጨዋታ ይጫወት ነበር። አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ከሆነ በኋላ ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይመላለስ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ያለው የእንጦጦ ጀርባ ነው። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ያገኘው በዚያ ዘመን ነው።

መስከረም 10 ቀን 1960 በሮም ኦሊምፒክ የማራቶን ሩጫ የሆነው ነገር ደራሲ ቢፈጥረው አንባቢ አላምንም የሚለው ዓይነት ነው። አበበ ሊጠነቀቀው የሚገባው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም 26 ቁጥር እንደሚለብስ ተነግሮት ነበር። ራዲ ግን ሌላ ቁጥር፣ 185፣ ለብሶ ሮጠ። አበበ አጠገቡ ከሚሮጠው ሰው ጋር እየተፎካከረ በልቡ 26 ቁጥርን ከፊት ይፈልግ ነበር። ምሽት ሆኖ መንገዱ በችቦ በርቷል። ወደ ፍጻሜው ሲቃረቡ ጣሊያን በ1937 ከሀገሩ ዘርፋ የወሰደችው የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር፤ አበበና አሠልጣኙ ቀድመው ያዩት ምልክት ነበር። እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨመረ። በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገብቶ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ባደረገ ከስድስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ በቶኪዮ ደገመው።

ይህን ታሪክ የኢትዮጵያ ልጆች በጥቅሉ ያውቁታል። የሚያውቁት ግን እንደ ታላቅ ሰው ዜና መዋዕል ነው፤ ተወለደ፣ ሮጠ፣ አሸነፈ። የኃይሌ ገብረሥላሴም እንዲሁ ነው። በአሰላ አካባቢ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደነበር፣ መጻሕፍቱን በግራ ክንዱ ስለሚይዝ በዓለም መድረክ ሲሮጥም ያ ክንዱ ታጥፎ መቅረቱ ይነገራል። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት መሆኗም በየዓመቱ ይወሳል። ሕይወት ታሪክ ለልጅ አርአያ ይሰጠዋል። ልብ ወለድ ግን ሌላ ነገር ይሰጠዋል፤ ሜዳሊያ ያላገኘውን፣ በቀበሌ ውድድር አራተኛ የወጣውን፣ ጫማ ተውሶ የሮጠውን ልጅ። አብዛኛው አንባቢ ያ ልጅ ነው። የቤዝቦል ልብ ወለድ ትልቁ ብልሃት ሮቢንሰንን በሬዲዮ አስቀምጦ መድረኩን ለማትታወቀዋ ስደተኛ ልጅ መልቀቁ ነው።

በሩጫ ይህን የሠራ ሰው አለ። ጄሰን ሬይኖልድስ በ2016 “ጎስት” በተሰኘው ልብ ወለዱ በቤቱ ከደረሰ አደጋ ሸሽቶ መሮጥን የተማረ፣ በኋላም ወደ ሰፈር የሩጫ ቡድን የገባ ልጅ ታሪክ ጽፏል። መጽሐፉ ሩጫ ያለ ኳስና ያለ ዱላም ልብ ወለድ ሊሸከም እንደሚችል ያሳያል፤ ልምምዱ፣ የአሠልጣኙ ቁጣ፣ የመጀመሪያው የቡድን ልብስ እያንዳንዳቸው ምዕራፍ ይሆናሉ።

የአማርኛ መደርደሪያ

በአማርኛ ለልጆች የሚነገረው ሀብታም ነው፤ አብዛኛው ግን ተረት ነው። የከበደ ሚካኤል “ታሪክና ምሳሌ” ለብዙ ትውልድ ተማሪዎች የንባብ መግቢያ ሆኗል። አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሣህሉ፣ በቴሌቪዥን ለአሥርት ዓመታት ተረት እየነገሩ የሀገሪቱን ልጆች አሳድገዋል። በ2002 ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ እናቱ የምትነግረውን ሁሉ ጊዜው ካለፈ በኋላ ስለሚፈጽም ማሞ የተባለ ልጅ የሚናገረውን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ባለ ሥዕል መጽሐፍ አድርጎ አወጣ። ዮሐንስ በሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበር፤ ወደ ሀገሩ ተመልሶ “ኢትዮጵያ ሪድስ” በተባለው ድርጅት በኩል በ2003 የሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍትን በአዲስ አበባ ከፈተ። በአዋሳም መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ለልጆች ደርሰዋል።

ከድርጅቱ መሥራቾች አንዷ ጄን ከርትዝ በልጅነቷ በማጂ ያደገች አሜሪካዊት ደራሲ ናት፤ ለመካከለኛው ዕድሜ አንባቢ ኢትዮጵያንና ስፖርትን ያቀራረበ ሥራም አላት። በ2001 ባሳተመችው “ጃካርታ ሚሲንግ” አፍሪካ ውስጥ ያደጉ ሁለት እህትማማቾች ወደ ሰሜን ዳኮታ ይሄዳሉ፤ ታላቋ በትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ኮከብ ስትሆን ታናሿ ቦታዋን ታጣለች። ከወንድሟ ጋር በ1997 ያወጣችው ባለ ሥዕል መጽሐፍ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ እርግብ ስለሚያረባ ልጅ ነው። በዚህ መጽሐፍ የሰፈር ልጆች አንዱ የሌላውን እርግብ ለመማረክ የሚያደርጉት ፉክክር ሥርዓትና ሕግ ያለው ጨዋታ ሆኖ ይታያል።

በተረቱና በአዋቂዎች ልብ ወለድ መካከል ያለው ቦታ ነው የሳሳው፤ የገና ጨዋታና የእንጦጦ ሩጫ የሚገቡትም እዚያ ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ጨዋታውን በትክክል ማወቅ አለበት። የቤዝቦል ደራስያን ኳስ እንዴት እንደምትያዝ፣ በየትኛው ጣት እንደምትለቀቅ ሳይደክሙ ይጽፋሉ፤ ልጆች ዝርዝር ይወዳሉ፣ የተሳሳተውንም ወዲያው ይይዙታል። ጥንግ በየትኛው በኩል እንደምትለጋ፣ ተጋጣሚ በግራ ሲቆም ምን እንደሚደረግ፣ ዳኛ የሌለበት ጨዋታ ጭቅጭቁን እንዴት እንደሚፈታ ሽማግሌዎች ያውቃሉ፤ ጠይቆ መመዝገብ ያስፈልጋል። የከተማው ልጅ የማያውቃቸው የጨዋታው ቃላት በግርጌ ማስታወሻ ሳይሆን በድርጊቱ ውስጥ ሊብራሩ ይችላሉ። ንግግሩ ልጆች እርስ በርስ እንደሚነጋገሩት መሆን አለበት፤ ለታላቅ “እርስዎ”፣ ለእኩያ “አንተ” እያለ፣ ሲናደድም እንደ ልጅ እየተናደደ።

የመጽሐፉ መጠን ሌላው ጉዳይ ነው። ለዚህ ዕድሜ አጭር ምዕራፍ፣ ሰፋ ያለ ፊደል፣ በየጥቂት ገጹ አንድ ሥዕልና አንድ የክፍል ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሊነበብ የሚችል ርዝመት ይመረጣል። መጽሐፉ በወላጅ እጅ ብቻ ሳይሆን በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እንዲገኝ የሽፋኑ ጥንካሬና ዋጋው ከወዲሁ ይታሰባል። አንድ ልጅ ጨርሶት ሁለተኛውን የሚጠይቀው በዚህ ዕድሜው ስለሆነ ቤዝቦል ጆም፣ ሜሪዌልም፣ የጉትማን መጻሕፍትም በተከታታይ ነው የወጡት። የመጀመሪያው መጽሐፍ ስለ ራጉኤል ልጆች ቢሆን ሁለተኛው የታች ሰፈር ተጋጣሚዎቻቸውን፣ ሦስተኛው ከሱሉልታ በኩል የሚመጡትን ይዞ ሊቀጥል ይችላል።